እንጀራን ሳይተዉ ካርቦሃይድሬትን መቀነስ፤ የትኛው የአመጋገብ ስልት ለመርጡለ ማርያም ማዕድ ይስማማል?

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ በመርጡለ ማርያም፣ እንዲሁም በቢቸና እና በሞጣ አካባቢ የማዕዱ ራስ እንጀራ ነው። አካባቢው ጤፍ አምራች ነው፤ የጎጃም ጤፍ በአዲስ አበባ ገበያም ስሙ የተጠራ ነው። ወጥ በብዙ ቤት "ማባያ" ይባላል። ስያሜው ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ዋናው ምግብ እንጀራው ነው፣ ወጡ ለእርሱ ማጣፈጫ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ለሚኖር ሰው "ክብደት ለመቀነስ ካርቦሃይድሬት ቀንስ" የሚለው ምክር "ምግብ ተው" እንደማለት ሊሰማው ይችላል።

ምክሩ ግን ከትንንሽ ከተሞችም መድረሱ አልቀረም። በእጅ ስልክ በሚሠራጩ ቪዲዮዎች ይመጣል፣ ውጭ ሀገር የሚኖር ዘመድ ይነግራል፣ የደም ስኳር ወይም የደም ግፊት ክትትል የጀመረ ሰው ከጤና ተቋም ይሰማዋል። የሚነገሩት ስልቶች ግን ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም የተነደፉት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል እና አይብ ዓመቱን ሙሉ ለሚበላበት ማዕድ ነው። ከእነዚህ መካከል መካከለኛ የሚባሉት በምን ይለያያሉ? ጥናቶችስ ስለ እነርሱ ምን ይላሉ? ከሁሉም በላይ ደግሞ በእንጀራ እና በጾም ላይ በተመሠረተ አመጋገብ ውስጥ የሚሠራው የትኛው ነው?

ጥያቄው የጥቂቶች ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብ እና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ክልል ከሚገኙ ሴቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ግን 8 በመቶ ደርሰዋል። በዚያው የ2016 ጥናት 22 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ከሲታ ሆነው ተገኝተዋል። በአማራ ክልል ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው መቀንጨር ታይቶባቸዋል። በአንድ ሀገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት፣ ያነሰውና የበዛው ጎን ለጎን ይኖራሉ ማለት ነው። ስለዚህ ለአንዱ መድኃኒት የሆነ ምክር ለሌላው ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

በትምህርት ቤት ምግብ ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ እና በሽታ ተከላካይ ተብሎ ይከፈላል። ካርቦሃይድሬት ከኃይል ሰጪዎቹ ዋነኛው ነው። በእንጀራ፣ በዳቦ፣ በድንች፣ በሩዝ፣ በፓስታ፣ በስኳር እና በማር ውስጥ በብዛት ይገኛል። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ይሰጣል። ፕሮቲንም እንዲሁ 4 ኪሎ ካሎሪ፣ ቅባት ደግሞ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣሉ።

የተበላው ካርቦሃይድሬት ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ሲገባ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል። ኢንሱሊን ስኳሩ ወደ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል፤ የተረፈው በጉበት እና በጡንቻ ይከማቻል፤ ከዚያም በላይ የሆነው ወደ ስብነት ይለወጣል። ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ሰውነት በቅድሚያ የሚያወጣው ይህንኑ በጉበት እና በጡንቻ ያስቀመጠውን ስንቅ ነው። የዚህ ስንቅ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ፈጥኖ የሚወርደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከቀነሰው ውስጥ ብዙው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። ሰውየው ወደ ቀድሞ አመጋገቡ ሲመለስ ውኃውም ይመለሳል።

ስብ የሚቀንሰው በቀን የሚገባው ጠቅላላ ኃይል ሰውነት ከሚያወጣው ሲያንስ ነው። ካርቦሃይድሬትን መቀነስ ወደዚህ የሚያደርስ አንድ መንገድ ነው፤ ብቸኛው መንገድ ግን አይደለም።

ሦስቱ መካከለኛ ስልቶች

ካርቦሃይድሬትን ቀንሶ ክብደት የመቀነስ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1863 ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ነዋሪ ሐኪሙ ዳቦን፣ ስኳርን እና ድንችን እንዲተው ነግሮት ክብደቱን እንዴት እንደቀነሰ የሚገልጽ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። በ1972 አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት አትኪንስ ያሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ በመጀመሪያው ምዕራፍ የቀን ካርቦሃይድሬትን ወደ 20 ግራም የሚያወርድ ጥብቅ ሥርዓት አስተዋወቀ። በመርጡለ ማርያም ማዕድ ሲለካ 20 ግራም የአንድ እንጀራ ሩብ አይሞላም። ጥብቅ ሥርዓቶች ለብዙ ሰው የማይዘልቁ በመሆናቸው ከጊዜ በኋላ መካከለኛ ስልቶች ተከተሉ።

የመጀመሪያው በመጠን ጣሪያ ላይ የተመሠረተው ነው። በሕክምና ጽሑፎች በብዛት በሚሠራበት አከፋፈል መሠረት ካርቦሃይድሬት ከቀን ኃይል ከ26 እስከ 45 በመቶ ሲሆን መካከለኛ ይባላል። በቀን 2 ሺህ ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ ከ130 እስከ 225 ግራም ማለት ነው። ከ130 ግራም በታች ዝቅተኛ፣ ከ50 ግራም በታች ደግሞ በጣም ዝቅተኛ ይባላል።

ሁለተኛው በምጣኔ ላይ የተመሠረተው ነው። የባዮኬሚስትሪ ባለሙያው ባሪ ሲርስ በ1995 "ዞን" በሚል ስም ያስተዋወቁት ስልት 40 በመቶውን ኃይል ከካርቦሃይድሬት፣ 30 በመቶውን ከፕሮቲን፣ 30 በመቶውን ከቅባት እንዲገኝ ይጠይቃል። ምጣኔው በእያንዳንዱ ማዕድ መጠበቅ አለበት።

ሦስተኛው በዓይነት ላይ የተመሠረተው ነው። የልብ ሐኪሙ አርተር አጋትስተን በ2003 ባሳተሙት "ሳውዝ ቢች" በተባለው ስልት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ፓስታ፣ ፍራፍሬ እና አልኮል ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ያልተፈተጉ እህሎች እና ፍራፍሬዎች ቀስ በቀስ ይመለሳሉ። ስልቱ የሚያተኩረው ግራም በመቁጠር ላይ ሳይሆን ነጭ ዱቄትን እና ስኳርን በማስወገድ፣ በጥራጥሬ፣ በአትክልት እና በጥሩ ቅባት በመተካት ላይ ነው።

ጥናቶቹ ምን አገኙ?

ስልቶቹን የሚያስተዋውቁ ሰዎች እያንዳንዱ ከሌላው የተሻለ መሆኑን ይናገራሉ። በጥንቃቄ የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት ልዩነት ግን ጠባብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት 811 ሰዎች በአራት ተከፍለው የካርቦሃይድሬት ድርሻቸው ከ35 እስከ 65 በመቶ የሚደርስ አመጋገብ ለሁለት ዓመታት እንዲከተሉ ተደርጓል። በመጨረሻ ሁሉም ቡድኖች የቀነሱት ክብደት ተቀራራቢ ነበር፤ በአማካይ 4 ኪሎ ግራም ያህል። ይበልጥ የቀነሱት በምክር መድረኮች ላይ አዘውትረው የተገኙት ነበሩ።

በ2018 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ሌላ ጥናት ደግሞ 609 ሰዎች ለአንድ ዓመት ግማሾቹ ቅባት፣ ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ ተደረገ። ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ግራም ቀነሱ። በስሌት ሲመዘን ይህ ልዩነት ዋጋ ያለው ሆኖ አልተገኘም። በአንጻሩ በአንድ ቡድን ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል የታየው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነበር፤ በጣም የቀነሱም፣ ጭራሽ የጨመሩም ነበሩ። ሁለቱም ቡድኖች አትክልት እንዲያበዙ፣ ስኳርን እና ነጭ ዱቄትን እንዲቀንሱ ተመክረው ነበር።

በ2022 ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም 61 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሯል። ተመጣጣኝ ኃይል ያለው የተመጣጠነ ምግብ ከተመገቡት ጋር ሲነጻጸሩ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት ብልጫ በአማካይ ወደ 1 ኪሎ ግራም ነው።

ከክብደት ይልቅ ዕድሜን የተመለከተ ጥናትም አለ። በ2018 ላንሴት ፐብሊክ ኸልዝ በተባለው መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት ከ15 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን ለ25 ዓመታት ያህል ተከታትሏል። ዝቅተኛው የሞት መጠን የታየው ካርቦሃይድሬት ከኃይላቸው ከ50 እስከ 55 በመቶ በሆነላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ እጅግ ያነሰውም እጅግ የበዛውም ከከፍተኛ የሞት መጠን ጋር ተያይዟል። ካርቦሃይድሬትን በሥጋ የተኩት የሞት መጠናቸው ከፍ ሲል፣ እንደ ጥራጥሬ እና ለውዝ ባሉ የዕፀዋት ምግቦች የተኩት ዝቅ ብሏል። እንዲህ ያለ ክትትል ምክንያትን እና ውጤትን በርግጠኝነት አያሳይም፤ ጥናቶቹም የተደረጉት እንጀራ በማይበላባቸው ሀገራት ነው። የሚያመለክቱት አቅጣጫ ግን አንድ ነው፤ ወሳኙ የስልቱ ስም ሳይሆን በተቀነሰው ምትክ የሚገባው ምግብ እና ሰውየው ሥርዓቱን ይዞ የሚዘልቅበት ጊዜ ነው።

በመሶብ ላይ ሲሰላ

ቀኑን በወንበር ላይ የሚያሳልፍ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ለምሳሌ ይወሰድ። በቀን ሦስት እንጀራ፣ በአንድ ጊዜ የሚበላ መለስተኛ ዳቦ፣ የሽሮ ወጥ እና ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የገባባቸው ሦስት ሻይ ይወስዳል እንበል። ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 73 ግራሙ ያህል ካርቦሃይድሬት ነው። አንድ እንጀራ 120 ግራም ዱቄት ይወስዳል ቢባል በአንድ እንጀራ 88 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይገኛል። ሦስቱ እንጀራ 263 ግራም ይሆናሉ። ዳቦው 50 ግራም፣ ሽሮው 30 ግራም፣ ስኳሩ 30 ግራም ሲጨምሩበት የቀኑ ድምር 373 ግራም ይደርሳል። ይህ ከቀኑ ኃይል ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው።

በዚህ ማዕድ ላይ ሦስቱ ስልቶች ሲሞከሩ ልዩነታቸው ግልጽ ይሆናል።

በዓይነት ላይ የተመሠረተው ስልት በመጀመሪያ የሚነካው ስኳሩን እና ከፉርኖ ዱቄት የተጋገረውን ዳቦ ነው። ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ 80 ግራም ካርቦሃይድሬት ይቀንሳል፤ ወደ 385 ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። እንጀራው አልተነካም። ለስላሳ መጠጥ ለሚያዘወትር ሰው ጥቅሙ ከዚህም ይበልጣል፤ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለና። ጤፍ ደቃቅ እህል በመሆኑ የሚፈጨው ከነገለባው ነው፤ በዚህ ምክንያት ከነጭ የስንዴ ዱቄት የበለጠ አሰር አለው። በዚህ ስልት መስፈርት የጤፍ እንጀራ ከሚወገዱት ሳይሆን በልክ ከሚበሉት ወገን ይመደባል።

በጣሪያ ላይ የተመሠረተው ስልት ደግሞ እንጀራውን ይቆጥራል። 225 ግራም ማለት በቀን ሁለት እንጀራ እና ሩብ ኪሎ ያህል የተቀቀለ ምስር ነው፤ ሁለቱ እንጀራ 175 ግራም፣ ምስሩ 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ይይዛሉ። ከዚህ ላይ አንድ ሳህን ጎመን፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት እና አንድ እንቁላል ወይም ጥቂት ሱፍ ሲጨመር የቀኑ ኃይል 1 ሺህ 700 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ይሆናል። ከመጀመሪያው ማዕድ ጋር ሲነጻጸር ከ500 ኪሎ ካሎሪ በላይ ቀንሷል። ወደ ታችኛው ጣሪያ፣ ወደ 130 ግራም መውረድ ግን በቀን አንድ እንጀራ ብቻ መብላት ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ እንጀራ መሶቡን በሚሞላበት ቤት ለረጅም ጊዜ መዝለቁ አጠራጣሪ ነው።

እዚህ ላይ መቶኛ አሳሳች መሆኑን ማስተዋል ያሻል። 225 ግራም ካርቦሃይድሬት ከ2 ሺህ ኪሎ ካሎሪ 45 በመቶ ነው፤ ከ1 ሺህ 700 ኪሎ ካሎሪ ግን 53 በመቶ ይሆናል። ሳህኑ አልተለወጠም፤ የስልቱ ስም ብቻ ተለወጠ። ስለዚህ በቤት ውስጥ ለሚጠቀም ሰው እንጀራን መቁጠር መቶኛ ከማስላት ይልቅ ይቀላል፤ የበለጠም አስተማማኝ ነው።

ሦስተኛው፣ 40-30-30 የሚባለው ምጣኔ፣ በፍስክ ቀን በሥጋ፣ በእንቁላል እና በአይብ ሊሞላ ይችላል፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። በጾም ቀን ደግሞ ከነጭራሹ አይሞላም። በ2 ሺህ ኪሎ ካሎሪ 30 በመቶ ፕሮቲን 150 ግራም ነው። ሁለት እንጀራ 31 ግራም ያህል ይሰጣል። የቀረውን ከምስር ለማግኘት 1 ኪሎ ከ300 ግራም የተቀቀለ ምስር መብላት ያስፈልጋል፤ ይህ ምስር ብቻውን 260 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይዞ ይመጣል። ፕሮቲኑን ለማሟላት ሲባል የካርቦሃይድሬቱ ጣሪያ ይፈርሳል።

የጾም ቀን እውነተኛው ፈተና

በአካባቢው አብዛኛው ነዋሪ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ ነው። ረቡዕ እና ዓርብ፣ 55 ቀናት ያሉት ዐቢይ ጾም እና ሌሎቹ አጽዋማት ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይይዛሉ። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ እና እንቁላል አይበሉም። ስለሆነም በሥጋ እና በእንቁላል ላይ የቆመ ማንኛውም ስልት በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ይቋረጣል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ለሁለት ወር ገደማ ይቆማል።

ጾም በራሱ ክብደት ይቀንሳል ብሎ ማሰብም ሁልጊዜ ትክክል አይሆንም። ከረጅም ሰዓት በኋላ የሚበላው ማዕድ እንጀራ በድንች ወጥ፣ እንጀራ በፓስታ ወይም በእንጀራ ላይ የቀረበ ፍርፍር ከሆነ ኃይል ሰጪ በኃይል ሰጪ ላይ ተደረበ ማለት ነው። በዘይት የተጠበሰ ነገር እና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲጨመሩ የቀኑ ኃይል ከፍስኩ ቀን ሊበልጥ ይችላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ 120 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል።

መፍትሔው ግን ከዚያው ከጾም ማዕድ ውስጥ ይገኛል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ እና አተር ካርቦሃይድሬት ቢኖራቸውም ፕሮቲን እና ብዙ አሰር ይዘው ስለሚመጡ ዘግይተው ይፈጫሉ፤ ሆድም ይይዛሉ። በ100 ግራም የተቀቀለ ምስር ውስጥ 20 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ሲኖር ከዚህ ውስጥ 8 ግራሙ አሰር ነው፤ ፕሮቲኑም 9 ግራም ይደርሳል። አዚፋ፣ አሹቅ፣ ንፍሮ፣ ወፈር ያለ የክክ ወጥ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር እና ፎሶሊያ ለዚህ ይሆናሉ። ተልባ፣ ኑግ እና ሱፍ ደግሞ በልክ ሲወሰዱ ጥሩ ቅባት ይሰጣሉ። ማዕዱ በአዚፋ ወይም በአትክልት ቢጀመር እና እንጀራው ቢከተል ከምግብ በኋላ የሚኖረው የደም ስኳር ከፍታ ሊቀንስ ይችላል።

የጤና ሚኒስቴር እና የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም ይፋ ያደረጉት ሀገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያም ሰዎች በየቀኑ ከተለያዩ የምግብ ምድቦች እንዲመገቡ፣ ጥራጥሬ እና አትክልት እንዲያዘወትሩ፣ ስኳር፣ ጨው እና ዘይት እንዲቀንሱ ይመክራል። ይህ ምክር ከመካከለኛው ስልት ጋር አይጋጭም።

በጥራጥሬ ምርጫ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እርሱም ጓያ ነው። ጓያ በጎጃም፣ በጎንደር እና በወሎ ይበቅላል፤ ድርቅን ስለሚቋቋም እና ዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከሽሮ እህል ጋር ይቀላቀላል። ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ በውስጡ ያለው መርዝ ነርቭን በመጉዳት እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይድንም። እንጀራውን ቀንሶ ጥራጥሬ ለማብዛት የወሰነ ሰው የሚያበዛው ሽሮ ከምን እንደተሠራ ማወቅ አለበት።

ለማን አይሆንም?

መካከለኛ ስልት ነው ማለት ለሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም። በሚያድጉ ሕፃናት፣ በነፍሰ ጡሮች፣ በሚያጠቡ እናቶች እና ክብደታቸው ባነሰ ሰዎች ማዕድ ላይ እንጀራን መቀነስ ጉዳት ነው። መቀንጨር በበረታበት አካባቢ የእናት ወይም የአባት ክብደት የመቀነስ ዕቅድ የልጆችን ሳህን መንካት የለበትም። ልጆቹ የሚያስፈልጋቸው የእንጀራ ቅነሳ ሳይሆን በእንጀራው ላይ የእንቁላል፣ የወተት እና የጥራጥሬ ጭማሪ ነው።

በእርሻ ወራት ከማለዳ እስከ ምሽት ሞፈር ይዞ የሚውል ገበሬም ከቢሮ ሠራተኛው ጋር አንድ አይደለም። እርሱ የሚያወጣው ኃይል እጅግ የበዛ ስለሆነ ሦስት እና አራት እንጀራ ለሥራው የሚያስፈልግ ስንቅ ነው።

ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው የስኳር ሕሙማን ናቸው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የመድኃኒቱ መጠን ሳይስተካከል እንጀራውን በድንገት ቢቀንስ ወይም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ቢጾም የደሙ ስኳር ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ትርታ መጨመር እና መደናገር ምልክቶቹ ናቸው፤ ካልታከመ ራስን እስከ መሳት እና ሕይወትን እስከ ማሳጣት ያደርሳል። ምልክቱ የታየበት ሰው ራሱን የሚያውቅ እና መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያውኑ ስኳር ወይም ጣፋጭ ነገር መውሰድ አለበት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጥ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው የአመጋገብ ለውጥ ከመጀመሩ በፊት የሚከታተለውን ባለሙያ ማማከሩ ግድ ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰውም ፕሮቲን ከማብዛቱ በፊት እንዲሁ ማድረግ ይኖርበታል።

ከየት ይጀመር?

ንጽጽሩ ሲጠቃለል በእንጀራ ላይ ለተመሠረተ ማዕድ የሚስማማው ከሁለት ስልቶች የተውጣጣ መንገድ ነው፤ ከሳውዝ ቢች ዓይነት መምረጥን፣ ከጣሪያው ስልት እንጀራ መቁጠርን መውሰድ። 40-30-30 ግን ከጾም ሥርዓት ጋር አይሄድም።

አጀማመሩም ደረጃ በደረጃ ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሻይ ስኳር፣ ለስላሳ እና ነጭ ዳቦ ይቀንሱ። ጠላ፣ ጠጅ እና አረቄም ከዚሁ ጋር ሊታሰቡ ይገባል፤ አንድ ግራም አልኮል 7 ኪሎ ካሎሪ አለውና። ቀጥሎ ኃይል ሰጪ በኃይል ሰጪ ላይ መደረቡ ይቅር፤ ፍርፍር ሲበላ ሌላ እንጀራ አይዘርጋ፣ ድንች ወጥ ሲሠራ ምስር ወይም ጎመን ይታከልበት። በመጨረሻ የቀኑ እንጀራ ከሦስት ወደ ሁለት ይውረድ፤ በቦታውም ጥራጥሬ እና አትክልት ይግባ። በቦታው ምንም ካልገባ ረኃቡ ሰውየውን በሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል።

ሚዛን ላይ በየቀኑ መውጣት አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ቀን እና ሰዓት መመዘን ይበቃል። ሚዛን በሌለበት ቤት ቀበቶ ወይም መቀነት ለውጡን ያሳያል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ፍጥነቱ መቀነሱ የተለመደ ነው፤ ውኃው ወጥቶ ስቡ መቀነስ የሚጀምረው ያኔ ነውና።

በመርጡለ ማርያም ማዕድ ላይ ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አዲስ ምግብ ከሩቅ ማስመጣትን አይደለም። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ጎመኑ እና ተልባው ከገበያው ይገኛሉ። የሚለወጠው ምጣኔው ነው፤ ከመጠን በላይ ክብደት ላለው እና ሥራው ተቀምጦ ለሆነ ሰው ማባያው ዋና ምግብ፣ እንጀራው ደግሞ ማባያ ይሆናል።